እንዳላማው የነፋው ጎማ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጋደም አልኩ። ዓይኔ ክድን ከማለቱ አንድ የተገለበጠ አገር ውስጥ ገባሁ።

ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ስለ ብስክሌቱ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይያዝም። ባለቤቴ እንዳላማው ያረፈው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሳንባው ነበር የታመመው። ሆስፒታል በገባበት ዕለት ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ የብስክሌቱን ጎማ ሲነፋ አገኘሁት። መንፊያውን አንዴ ይገፋና ግድግዳውን ተደግፎ ያርፋል፤ ትንፋሹ ሲመለስለት ደግሞ ይገፋል።

«ተወው እንጂ! ምን አስቸኮለህ?» አልኩት።

«ባንቻየ፣ መስከረም ሲጠባ ጢስ ዓባይ የምንወርደው በባዶ ጎማ ነው እንዴ?» አለኝ።

ስሜ ባንቺአምላክ ነው፤ ባንቻየ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። በየዓመቱ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ አደይ ሳይረግፍ፣ እኔን ከኋላ ጭኖ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ድረስ ይወርድ ነበር። ዳገት ላይ ስንደርስ «ልውረድልህ?» ስለው «አንቺ ከኋላ ከሌለሽ ሳይክሉ ይዘላል» ይለኛል፤ ላቡ በጀርባው እየወረደ። ያን ዕለት ጠዋት ሁለቱንም ጎማዎች ድንጋይ እስኪመስሉ ነፋቸው። እጁን ታጥቦ ገባና ጋደም አለ። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ወሰድነው፤ በዚያው ቀረ።

ልብሱን ሰጥቻለሁ። ጫማውንም ሰጥቻለሁ። ብስክሌቱን ግን በረንዳው ጥግ አቆምኩትና ጠያቂ ሲመጣ እንኳ እንዳይደገፈው ወንበር አስጠጋሁበት። ጎማው ውስጥ ያለው አየር እሱ በመጨረሻ ጉልበቱ ያስገባው ነውና። ይስቁብኛል ብዬ ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። በየጠዋቱ ሁለቱንም በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግኩ እሞክራቸዋለሁ፤ በየጠዋቱም ትንሽ ለስልሰው አገኛቸዋለሁ።

እንግዲህ በሕልሜ ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንብ ነበር። ሰዉ ጃንጥላውን ገልብጦ ከእግሩ ሥር ያደርግና ከአንዱ ጃንጥላ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። እኔ በረንዳው ጥግ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ብስክሌቱ ከአልጋዬ ላይ እያዛጋ ተነሥቶ ወጣ፤ ጠጋ ብሎም ጉልበቴን በፔዳሉ ጫን ጫን አደረገው።

«ለስልሰሻል» አለኝ። «ምሳ አልበላሽም እንዴ?»

«በልቻለሁ» አልኩት። ብስክሌት መናገሩ አልገረመኝም። የገረመኝ ድምፁ ነው፤ ጉንፋን እንደያዘው ዲያቆን ነበር የሚናገረው።

«በይ ተነሺ። እንዳላማው ጋራዥ ገብቷል።»

«ምን ሆኖ?»

«ምንም። ዕቃው በሙሉ ደህና ነው። አየሩ ብቻ ነው የወጣው።»

«ታዲያ ለምን አይነፉትም?»

«በሌላ አየር አይነሣማ! ሞክረውት ነበር፤ ያስነጥሰዋል እንጂ አይነሣም። የራሱ አየር ነው የሚያስፈልገው። የራሱ አየር ያለው ደግሞ እኔ ጋ ነው።» የፊት ጎማውን ዞር አድርጎ አሳየኝ። «ሳያልቅ ካደረስሽኝ ይነሣል። እስቲ ጆሮሽን አቅርቢ።»

አቀረብኩ። ከውስጡ እንደ ቢንቢ ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። እየወጣ ነው።

«ውጣ!» አልኩትና ጎንበስ አልኩ።

በዚያ አገር ሰው ብስክሌት አይጋልብም፤ ብስክሌት ነው ሰውን የሚጋልበው። የፊት ጎማውን ትከሻዬ ላይ፣ የኋላውን ወገቤ ላይ አሳረፈና ሁለት ጆሮዎቼን እንደ ፍሬን ጨበጣቸው። መንገድ ገባን። ይከብደኛል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ልክ እሱ ሲወጣብኝ እግሬ ቀለለኝ።

መንገዱ ያው ግራና ቀኙ ዘንባባ የሆነው የባሕር ዳር መንገድ ነው። መኪናዎቹ ግን ቆመው ሕንፃዎቹ ይሄዳሉ። መስቀለኛው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እንባውን ይጠርጋል፤ ታክሲዎቹ ከበው ፊሽካ ይነፉበታል።

«ምን አጥፍቶ ነው?» አልኩ።

«የቆመበትን ቦታ አሳልፎ ቆሟል» አለ ብስክሌቱ። «ዝም ብለሽ ሩጪ።»

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጆሮዬን ጨብጦ አቆመኝ። ብስክሌቶች ተሰብስበዋል። ይህን ስብሰባ አውቀዋለሁ። እንዳላማውና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ሐይቁ ዳር ብስክሌቶቻቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ስለ ጎማ፣ ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ፍሬን ሲከራከሩ ያረፍዱ ነበር። አንዱ አንድ ዕቃ ገዝቶ ከመጣ ያ ዕቃ እንደ አራስ ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንድ ጊዜ ምሳው ቀዘቀዘ ብዬ ልጠራው ሄድኩና ስለ አንድ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ አብሬያቸው ስከራከር ቀትር አለፈ። ፓራፋንጎው ረዘመ የሚሉት እነሱ፣ አጠረ የምለው እኔ። ጭቃው የሚረጨው በኔ ቀሚስ ላይ ነዋ!

አሁን ግን ግንቡን ተደግፈው የቆሙት ሰዎቹ ናቸው። ሁለቱን የእንዳላማው የልብ ጓደኞች አየኋቸው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡትን ጋሽ ዝጋለንና ልብስ ሰፊውን ሸጋውን። ጋሽ ዝጋለ እንዳይሰረቁ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ ተደርጎባቸዋል።

«ደህና ዋሉ ጋሽ ዝጋለ?» አልኩ።

«የቆመ ሰው አይናገርም» አለኝ የሳቸው ብስክሌት፤ ረጅም ጥቁር ነው። እሱና የሸጋው ቀይ ብስክሌት አግዳሚ ወንበር ላይ ተዘርግተው ይሟገታሉ።

«ለክረምት ምን አጠለቅህለት?» አለ ጥቁሩ ወደ ሸጋው እግር እያየ።

«ኮንጎ ጫማ» አለ ቀዩ።

«ኮንጎ! ሰውየውን ልትሰብረው ነው? ኮንጎ ጭቃ ላይ እንደ ሳሙና ነው የሚሄደው። በረባሶ አድርግለት እንጂ፤ ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ጥርስ ያለው።»

«በረባሶ ይከብዳል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው? እሱ?»

«ኧረ ሌሎች ሳይክሎች ናቸው። ሰው ምን ያውቃል!»

«የኔው ደግሞ ጉልበቱ ይንቋቋብኛል» አለ ጥቁሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጋሽ ዝጋለ እንዳይሰሙት ይመስል። «ቅቤ እቀባዋለሁ፤ አልተወውም።»

«ቅቤ በክረምት ይረጋል። የኑግ ዘይት ሞክር።»

«ኑግ አቧራ ይይዛል።»

«በክረምት የምን አቧራ?»

«አንተ ደግሞ! ዝናቡ ወደ ላይ ሲዘንብ ጭቃው ሁሉ ሰማይ ሄደ አይደለም? ታዲያ መሬት ላይ ምን ሊቀር ነው?»

ቀዩ ይህን ሲሰማ ደወሉን አንዴ መታና ተወው። ሳቄ መጣ፤ ጋሽ ዝጋለ ሲያሸንፉ ሸጋው እንዲሁ አፉን ይዞ ይቀር ነበር። ወዲያው ግን ከትከሻዬ ላይ ያ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ።

«እባካችሁ፣ እንዳላማው ጋራዥ ነው ያለው፤ አየሩን ላደርስለት ነው። በየት ልሂድ?»

«ጋራዡ ከዓባይ ማዶ ነው» አለ ጥቁሩ። «በነሐሴ በኩል እንዳትሞክሪ፤ ጭቃው ይውጥሻል። በኅዳር ዙሪ።»

«በኅዳር ነፋሱ ከፊት ነው» አለ ቀዩ። «ያን ጥቂት አየር ይቀማታል። በግንቦት ትሂድ።»

«በግንቦት! ፀሐዩ ጎማ ሲያፈነዳ አላየህም?»

«እንግዲያው በጥር።»

«በጥር ሠርገኛው መንገድ ይዘጋል።»

«ሠርገኛ ይለመናል፤ ፀሐይ ይለመናል እንዴ?»

«እስቲ እኔን ስማኝ፤ እኔ ስንቱን ክረምት...»

«አየሩ እየወጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «አንቺ ስንት አገር ተነድተሻል?» አለኝ ጥቁሩ።

«ጢስ ዓባይ ብቻ ነው የማውቀው።»

«እሱ መንገድ ነው ታዲያ? ሽርሽር ነው እንጂ! በይ ዝም በይ፤ ጉዳዩን እንጨርሰው።»

እንደማይጨርሱት አወቅኩ። እነሱን የማውቃቸው ዛሬ አይደለም። ጆሮዬን ከብስክሌቱ እጅ አላቀቅኩና በጥር በኩል ታጠፍኩ።

ጥር ውስጥ ስንገባ ጭቃው ደረቀ፤ ሰማዩም ጠራ። ዘንባባዎቹ ግን ማጠር ጀመሩ። መጀመሪያ የጣሪያ ቁመት ሆኑ፣ ቀጥሎ ወገቤ ጋ ደረሱ፣ በመጨረሻ ዙሪያቸውን በእንጨት የታጠሩ ትናንሽ ችግኞች ሆኑ። የለበስኩት ጥቁር ቀሚስ ከጫፉ እየነጣ መጣ፤ ጉልበቴ መንቋቋቱን ተወ። ሰፈሩን አየሁት፤ ፎቆቹ የሉም። እዚህ ጋ የነበረው የሸንኮራ ሻጯ ደጅ እዚያው ነው። እዚያ ጋ ደግሞ እንዳላማው ሰንሰለቱ ወለቀ ብሎ እኔ በማልፍበት ሰዓት ሁሉ ብስክሌቱን የሚገለብጥበት ማዕዘን። ሰንሰለቱ በየቀኑ ለምን እንደሚወልቅ እስክንጋባ ድረስ አልነገረኝም ነበር።

«ትንሽ እንቁም» አልኩት ብስክሌቱን።

«ከቆምን ያልቃል።»

ሮጥኩ።

መሐል መንገድ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የዕድራችን ድንኳን ነው፤ አንድ ጥጉ በሰማያዊ ጨርቅ የተጣፈው፣ ለሠርጌም ለለቅሶዬም የተተከለው ያው ድንኳን። ውስጡ ሠርግ ነበር። ሠርገኞቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። ድምፅ ግን የላቸውም፤ አፋቸው ይከፈታል፣ ምንም አይወጣም። ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ከጎኗ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ከረባት ያሰረ ብስክሌት ነው።

«እንዳላማውስ?» አልኩ።

«ጋራዥ ነው አሉ» አለችኝ አንዲት አሮጊት ሠርገኛ በሹክሹክታ፤ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚናገሩት። «ልጄ፣ እባክሽን፣ ልናለቅስላችሁ ፈልገን ትንፋሽ አጣን። ከዚያ ጎማሽ ትንሽ አየር ቆንጥሪልን።»

«አይሆንም እማማ፤ ይህ የሰው ነው።»

«የማን?»

«የባሌ።»

«እኛስ ለማን ሠርግ መሰለሽ የምናለቅሰው?»

ብስክሌቱ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «የፊተኛውን እንስጣቸው፤ የኋለኛው ይበቃዋል» አለኝ።

«አንተ ምን ታውቃለህ ይብቃው አይብቃው? ሲነፋው ያየሁት እኔ ነኝ!»

ክርክራችንን ሳንጨርስ አሮጊቷ እጇን ሰዳ የፊት ጎማውን ክዳን አዞረችው። ስስስስ አለ። ሠርገኛው ሁሉ አፉን ከፍቶ ተሻማ፤ ሕፃናት በሰው እግር መሐል ሾልከው መጡ። ላስቆማቸው እጄን ስዘረጋ ጎማው እንደ ባዶ ስልቻ እጄ ላይ ተኛ።

ያኔ ድንኳኑ በእልልታ ፈነዳ። ለቅሶ ፈልገው የወሰዱት አየር እልልታ ሆኖ ወጣባቸው፤ ራሳቸውም ደንግጠው ይተያያሉ። የሠርጌ ዕለት የሰማሁት እልልታ ነበር፤ ያው የአክስቴ ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ፣ ያው የጎረቤታችን ጎርናና ድምፅ ከሥር። ያን ዕለት እንዳላማው መኪና አልፈልግም ብሎ ብስክሌቱን በሪባን አስጊጦ ከደጃችን ጭኖኝ ሲወጣ፣ ሽማግሌዎቹ «ምን ዓይነት ጉድ ነው!» እያሉ ሴቶቹ እንዲህ አድርገው ነበር ያቀለጡት። ተናድጄ ሳለሁ እንባዬ መጣ፤ እንባው ግን የንዴት አልነበረም።

«እንሂድ እንጂ!» አለኝ ብስክሌቱ። «አንዱ ብቻ ነው የቀረን።»

ዓባይ ጋ ስንደርስ ድልድዩ የለም። ወንዙ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የሚፈሱት ዳርቻዎቹ ናቸው። ድንጋይ ላይ አንድ ትልቅ ቆሮሶ ዓሣ ተቀምጦ መንጠቆ ወደ የብስ ይወረውራል፤ መንጠቆው ላይ ዳቦ ሰክቷል።

«ዛሬ አንድ ሰው እንኳ አልያዝኩም» አለኝ ዓሣው። «ዳቦው ትንሽ ነው መሰለኝ።»

«እንዴት ነው የምሻገረው?»

«ለምን ትሻገሪያለሽ? ቁጭ በይ፤ ማዶው ራሱ ይመጣል።»

ቁጭ አልኩ። መቀመጥ ከብዶኝ አያውቅም፤ ያኔ ግን የኋላውን ጎማ አቅፌ፣ አውራ ጣቴን ክዳኑ ላይ ጫን አድርጌ፣ ማዶው እንደ ሰነፍ በሬ ሲጎተት ማየት ነፍሴን አወጣት። ሆስፒታልም እንዲሁ ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ። ማዶው እግሬ ሥር ሲደርስ ዘልዬ ወጣሁበት። ጋራዡ እዚያው ነበር።

ሠራተኛው መነጽር ያደረገና ሽርጥ የታጠቀ ጉማሬ ነው። እንዳላማው በጭንቅላቱና በክርኖቹ ተዘቅዝቆ ቆሟል፤ እንደሚጠገን ብስክሌት እግሮቹ ወደ ላይ ናቸው። ጫማውን ስለሰጠሁበት እግሩ ባዶ ነው። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል።

«ዘገየሽ» አለኝ ጉማሬው። «ደግሞ የፊተኛው የት አለ?»

«ሠርገኛ ወሰደብኝ።»

«ሠርገኛ መቼም!» አለና ከሽርጡ ኪስ ቀጭን ቱቦ አወጣ። «እንግዲህ ባለው እንሞክራለን። ያዢው።»

«አየር ማስገቢያው፣ ቫልቮላው የት ነው?»

«እምብርቱ ላይ ነዋ! ሌላ የት ይሆናል?»

ቱቦውን ከኋላ ጎማው ወደ እምብርቱ አገናኘነው። ብስክሌቱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ነክሶ አየሩን ለቀቀ። የእንዳላማው ሆድ ቀስ ብሎ ተነሣ። ደረቱ ሞላ፤ ጉንጩም ቀላ። ከዚያ አንድ ዓይኑን ከፈተና ከታች ወደ ላይ አየኝ።

«ባንቻየ» አለ። «ቀሚስሽ አምሮብሻል።»

«አትናገር! አየሩ ይወጣል።»

«ካልተናገርኩ ምን ይሠራልኛል?» አለና ሌላውን ዓይኑን ከፈተ። «ጫማዬስ?»

«ሰጠሁት።»

«ደግ አደረግሽ። ይጠበኝ ነበር።» እግሮቹን አየር ላይ አወዛወዛቸው። «ጋሽ ዝጋለ ለክረምት ጥርሳም ጎማ ይሻላል የሚለውን ክርክራቸውን ተሸነፉ?»

«አልተሸነፉም።»

«እኔ ከሌለሁ ማን ያሸንፋቸዋል!» ብሎ ሳቀ። በሳቀ ቁጥር ሆዱ ጎደለ። አውራ ጣቴን እምብርቱ ላይ ጫንኩ።

«እባክህ እንዳላማው፣ ዝም ብለህ ተንፍስ። እስከ መስከረም ብቻ።»

«ለመስከረም ይደርሳል?» አለው ጉማሬውን።

«ካልሳቅህ ይደርሳል» አለ ጉማሬው።

ይህን ሲሰማ ሳቁን ያዘው፤ ጉንጮቹ ተነፉ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ሳቄ መጣ። ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ስንታገል ድምፁ ተሰማኝ። ስስስስ። እንደ ቀድሞው ቀጭን አይደለም፤ ወፍሯል። ደንግጬ መፈለግ ጀመርኩ። ከጆሮው ኋላ ዳሰስኩ፣ ከብብቱ ሥር ዳሰስኩ፣ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ያዝኩ።

«ከየት ነው የሚያፈሰው? ከየት ነው?»

«ከኔ አይደለም ባንቻየ» አለኝ። «ከውጭ ነው።»

ነቃሁ።

ዝናቡ አባርቷል። ድምፁ ግን አልቆመም፤ ስስስስ ይላል፣ ከበረንዳው። ባዶ እግሬን ወጣሁ። ከሐዘኑ ወዲህ የግቢያችን በር አይቆለፍም፤ ጠያቂ እንደ ልቡ ይገባል። ጋሽ ዝጋለና ሸጋው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ እጃቸው እስከ ክርን ጠቁሮ፣ ቁጢጥ ብለዋል። ብስክሌቱ በመቀመጫውና በመሪው ተገልብጦ ቆሟል። የፊት ጎማው አዲስ ነው፤ ጥርሳም፣ ወፍራም፣ የክረምት ጎማ። አሮጌው ከነውስጥ ላስቲኩ፣ ከነካላማዳሪው ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ጋሽ ዝጋለ የኋላውን ቫልቮላ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተጭነው አየሩን ያስወጣሉ።

«ቀሰቀስንሽ ልጄ?» አሉኝ ደንግጠው፤ ጣታቸውንም አነሡ። ድምፁ ቆመ። «እንቅልፍ ወስዷት ከሆነ አትቀስቅሳት ብዬው በቀስታ ነበር የያዝነው።»

«ሳንነግርሽ ልንጨርሰው አስበን ነው እታለም» አለ ሸጋው። «በየዓመቱ ክረምት ሲከብድ የሁላችንንም ጎማ አብረን ነው የምንቀይረው፤ ታውቂ የለ? የሱ ሳይክል ዘንድሮ በልሙጥ ጎማ ይክረም? እኛ እያለን? የፊተኛውን ጨርሰናል። ያን አሮጌ አየር አስወጥተን እንዲህ ያለ አዲስ አየር ሞላንልሽ!» ብሎ አዲሱን ጎማ በጥፊ መታው። ድም አለ።

ጋሽ ዝጋለ ፊቴን እያዩ ነበር። «ምነው? ጎማው አልወደድሽውም? እንዳላማው ራሱ ቀጭን ይሻላል ሲል ነው የኖረው፤ እኔ ግን ልጄ፣ አንቺ እንዳትወድቂ ብዬ...»

ጫማቸው ጭቃ ጠጥቷል። የመጡት በዚያ ሁሉ ዝናብ ነው። ምን እላቸዋለሁ?

«ወድጄዋለሁ» አልኩ። «ይቺን እኔ ልልቀቃት።»

«አየሩን? ኧረ እጅሽ ይቆሽሻል!»

«ይቆሽሽ።»

ገለል አሉልኝ። ጎማው አጠገብ ተንበረከክኩ፤ እርጥቡ ሲሚንቶ ጉልበቴን አቀዘቀዘው። ጉንጬን ቫልቮላው ላይ አስጠጋሁና በጥፍሬ ጫፍ ቀስ ብዬ ተጫንኩት። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጎማ ጎማ ይሸታል። ጉንጬ ላይ፣ ከዚያ ዓይኔ ሥር፣ ከዚያ ጆሮዬ ግንድ ላይ ወጣ።

«ቀዳዳ እየፈለገች ነው?» አለ ሸጋው በሹክሹክታ።

«ቀዳዳ በጉንጭ አይገኝም» አሉ ጋሽ ዝጋለ። «በሳፋ ውሃ ውስጥ ነው የሚነከረው፤ አረፋው ያሳይሃል።»

«ኧረ በጉንጭም ይገኛል። የጉንጭ ቆዳ ስስ ነው።»

«አንተ የማታውቀውን አታውራ። በክረምት ጉንጭ ይደነዝዛል።»

«እንዳላማው በጉንጩ አልነበር እንዴ የሚፈልገው?»

«እንዳላማውም ተሳስቶ ነበር! ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!» አሉ። ከዚያ ስስስስ የሚለው ድምፅ ብቻ ቀረ፣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ።

ሸጋው መንፊያውን አንሥቶ ጠበቀ። «አለቀ እታለም?» አለኝ።

ጉንጬን አላነሣሁም።

«ገና ነው» አልኩት። አልቆ ነበር።